ችካሉ ከመተከሉ በፊት

የምናወራው ስለ ሸዋ ሮቢት ሳይሆን ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስላለችው የራያዋ ሮቢት ነው። በስተ ምዕራብ ደጋው፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ መካከሉ ጎርፍ ባመጣው አፈር የተሞላ ሜዳ። የዚህ አገር ማሽላና ጤፍ ሜዳው ላይ በሚጥለው ዝናብ ብቻ አይታመንም። ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ጎርፍ ይዞ ይወርዳል፤ ገበሬው ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ከመሬት በታችም ውሃ አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ የጠብታና የርጭት መስኖ የዘረጋው ይህንኑ ውሃ ተማምኖ ነው።

እንዲህ ባለ ሜዳ የአንዱ ሥራ ሌላውን ሳይነካ አይቀርም። ላይ የተጠለፈ ጎርፍ የታችኛውን ማሳ ያስጠማል፤ ያለ ልክ የተሳበ የከርሰ ምድር ውሃ የጎረቤትን ጉድጓድ ያጎድላል። አንድ ልማት ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም በምን እንደሚቀር የሚመረምረው ሥራ የአካባቢና ማኅበራዊ ተፅዕኖ ግምገማ ይባላል።

ይህን ግምገማ በሕግ ደረጃ ቀድማ የጀመረችው አሜሪካ ናት፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሕጉን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1970 መጀመሪያ ነው። በእኛ አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደነገገ። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጠው። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መጣ፤ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ከለከለ።

አሠራሩ ሲታይ መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ሙሉ ጥናት ይሻ እንደሆነ ይለያል፤ ትንሽ ሥራ በትንሽ ጥናት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ባለፕሮጀክቱ በራሱ ወጪ ባለሙያዎችን አሰማርቶ ያስጠናል፣ አማራጮችን ያስመረምራል፣ የጉዳት ማቃለያ ዕቅድ ያቀርባል። መርምሮ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው የፌዴራሉ ወይም የክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። ከፈቃዱ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል።

በእኔ እምነት የጥናቱ ልብ ያለው መነሻውን በሚመዘግብበት ክፍል፣ ማለትም ዛሬ ያለውን ሁኔታ በሚጽፍበት ቦታ ነው። ወደ ራያ በሚያዝያ የመጣ አጥኚ ደረቅ አሸዋ ያያል፤ «ወንዙ ውሃ የለውም» ብሎ ቢጽፍ ያየውን ነው የጻፈው። በነሐሴ ቢመጣ ያው አሸዋ ላይ ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ያገኛል። በዚህ ሜዳ የመንገድ ወይም የባቡር ሐዲድ አፈር ሲቆለል፣ የውሃ ማሳለፊያው በቂ ካልሆነ፣ ጎርፉ ከላይ በኩል ማሳ ያጥለቀልቃል፤ ከታች በኩል ደግሞ ውሃውን የለመደው መሬት ይደርቃል። ይህን ለማወቅ በሁለቱም ወቅት መገኘት ያስፈልጋል። ጎርፉን ሲጠልፉ ያረጁ አባቶችም መጠየቅ አለባቸው፤ የትኛው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ማኅበራዊው ጎን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ምዕራፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ያሳዝነኛል። መሬት ለልማት ሲወሰድ ካሣው የሚሄደው የይዞታ ማረጋገጫ ላለው ሰው ነው። መሬቱን በእኩል ሲያርስ የኖረው ጎልማሳ፣ ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ የተዘጋባት እናት፣ ከብቱን በዚያ የሚያሳልፈው እረኛ በስም ካልተመዘገቡ በካሣው ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ተጎጂው ከክልሉ ውጭም ሊኖር ይችላል፤ የዚሁ ሜዳ ወንዝ የሆነው ጎሊና ዞብልን አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ እዚያም ጉሊና የሚባል ወረዳ አለ። አዋጁ በአንቀጽ 6 ተፅዕኖው ክልል የሚሻገር ፕሮጀክት የሚነካቸውን ነዋሪዎች በየትኛውም ክልል ቢሆኑ ማማከር አለበት ይላል። ስለዚህ በጎሊና ላይ ስለሚሠራ ትልቅ ሥራ ሮቢትን ብቻ ጠይቆ መወሰን አይቻልም።

ግምገማ ዘግይቶ ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ የአካባቢ ፈቃዱ የጸደቀው በ2008 ነበር። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ «ባይሠራስ?» የሚለውን አማራጭ በእውነት ማንሳት ከባድ ነው። በ1995ቱ አዋጅ ያለ ፈቃድ መጀመር ወይም ሐሰተኛ ጥናት ማቅረብ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ለትልቅ ፕሮጀክት ይህ ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቅጣቱ ሊከብድ ይገባዋል።

የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 15 የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የነዋሪው አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል። የሮቢትና የአካባቢዋ ሰው ሆይ፣ በቀበሌህ አዲስ ሥራ መታሰቡን ስትሰማ ችካል እስኪተከል አትጠብቅ። ወደ ወረዳው ሂድና «ጥናቱን አሳዩን» በል፤ የጎርፉ መንገድ፣ የእረኛው መሄጃና የአንተ ጉድጓድ በሰነዱ ውስጥ መኖራቸውን ተመልከት፤ የጎደለ ነገር ካለ ፈቃዱ ሳይሰጥ አሁኑኑ በጽሑፍ አስገባ።