ጂን የሚከፈተውና የሚዘጋው እንዴት ነው?

በአንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተሰኘው ባክቴሪያ ከ4,000 በላይ ጂኖች አሉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ባክቴሪያው ኃይሉንና አሚኖ አሲዱን ለማያስፈልጉት ፕሮቲኖች ያባክናል፤ በመራባትም ቆጣቢ ጎረቤቶቹ ይቀድሙታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጂን የሚሠራበት ጊዜ መወሰን አለበት።

ውሳኔው በአብዛኛው የሚፈጸመው በፕሮሞተር አካባቢ ነው። ፕሮሞተር ከጂኑ ቀድሞ የሚገኝ የዲኤንኤ ክፍል ሲሆን፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም ጂኑን ወደ አርኤንኤ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት የሚያርፍበት ስፍራ ነው።

ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ያብራሩት የላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ጂኖች አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። ላክቶስ በሌለበት ጊዜ ሪፕረሰር የተባለ ፕሮቲን ከፕሮሞተሩ አጠገብ ባለው ኦፐሬተር ላይ ተጣብቆ ፖሊመሬዙን ያግዳል። ላክቶስ ሲገኝ ከእርሱ የሚፈጠረው አሎላክቶስ ከሪፕረሰሩ ጋር ይያያዛል፤ ሪፕረሰሩም ቅርጹ ተለውጦ ዲኤንኤውን ይለቃል። በዚህ ጊዜ ላክቶስን የሚሰባብረው ኢንዛይም ከጥቂት ሞለኪውሎች ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ይሆናል። ላክቶሱ ሲያልቅ እገዳው ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ላክቶስን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው ፐርሚዬዝ የተባለው ፕሮቲን ጂን ራሱ ከታገዱት አንዱ ነው፤ ታዲያ የመጀመሪያው ላክቶስ በምን ይገባል? መልሱ እገዳው ፍጹም አለመሆኑ ነው። ሪፕረሰሩ አልፎ አልፎ ዲኤንኤውን ስለሚለቅ ጥቂት ፐርሚዬዝ ምንጊዜም አይጠፋም። ጥቂት ፐርሚዬዝ ጥቂት ላክቶስ ያስገባል፤ የገባው ላክቶስ ተጨማሪ ፐርሚዬዝ ያሠራል፤ ይህም አዎንታዊ ግብረ-መልስ ይባላል።

ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሠሩት ጂኖች ግን በተቃራኒው በአሉታዊ ግብረ-መልስ ይመራሉ። ትሪፕቶፋን ሲበዛ ከሪፕረሰሩ ጋር ተያይዞ የገዛ ራሱን ምርት ያስቆማል፤ መጠኑም ሳይዋዥቅ ይቆያል።

አዎንታዊው ያን ያህል ረጋ ያለ አይደለም። አሮን ኖቪክና ሚልተን ዋይነር እ.ኤ.አ. በ1957 ለባክቴሪያዎች ላክቶስን የሚመስል ነገር ግን የማይሰባበር ውህድ በመጠኑ ሰጡ። ሕዋሳቱ ሁሉ በከፊል የሚሠሩ ይመስል ነበር። ሲመረመሩ ግን አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው፣ ሌሎቹ እንደ ተዘጉ ተገኙ። በጂን አንዱ ከሌላው አይለይም፤ የለያቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፐርሚዬዞች በአጋጣሚ መፈጠርና አለመፈጠር ነው። የተከፈተው ሕዋስ ሲከፈልም ፐርሚዬዙን ለልጆቹ ስለሚያካፍል፣ ለማስጀመር በማይበቃ አነስተኛ የውህዱ መጠን እንኳ ዘሮቹ ለብዙ ትውልድ እንደተከፈቱ ይቆያሉ።