ማተብ፣ ጉትቻና የሀይስኩል ሜዳ

እ.ኤ.አ. በ2010 ጸደይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳውዝ ፓሳዴናና የሞንሮቪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሴቶች አትሌቲክስ ቡድኖች ለሊግ ዋንጫ ተፋጠው ነበር። ሁሉም ነገር በምርኩዝ ዝላይ ላይ ተንጠለጠለ። የሳውዝ ፓሳዴናዋ ተማሪ አግዳሚውን አለፈችው፤ ጓደኞቿም ዋንጫው የእኛ ነው ብለው ጨፈሩ። የተጋጣሚው አሰልጣኝ ግን ወደ እጅ አንጓ አመለከተ። ልጅቷ ከክር የተጎነጎነ የጓደኝነት አምባር አስራ ነበር። የዚያን ጊዜው ደንብ በውድድር ላይ ጌጥ ማድረግን ይከለክል ስለነበር ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ዋንጫውም ሞንሮቪያ ገባ።

አንዲት ክር ማንን ትጎዳለች? ያን ጊዜ ብዙ አሜሪካውያን የጠየቁት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ስፖርቱ ዓይነት ይለያያል። ለረጅም ጊዜ የደንቡ ችግር የነበረውም ይህን ልዩነት አለማየቱ ነው።

በአሜሪካ የሀይስኩል ስፖርት ደንቦችን የሚያዘጋጀው መቀመጫውን ኢንዲያናፖሊስ ያደረገው የየስቴቱ የትምህርት ቤት ስፖርት ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን ነው። በ1920 ተመሠረተ። አባላቱ የ50ዎቹ ስቴቶችና የዋሽንግተን ዲሲ ማኅበራት ናቸው። ፌዴሬሽኑ ለእያንዳንዱ ስፖርት የተለየ የደንብ መጽሐፍ ያወጣል፣ በየዓመቱም ያሻሽለዋል። ስለዚህ «በሀይስኩል ስፖርት ጌጥ ክልክል ነው» የሚለው አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። በቅርጫት ኳስ ክልክል የሆነው ነገር በሩጫ ሊፈቀድ ይችላል፤ አምና የተከለከለውም ዘንድሮ ሊፈቀድ ይችላል።

ከክልከላው ጀርባ ያለውን ፍርሃት ለመረዳት ወደ ስዊዘርላንድ እንሂድ። በታኅሣሥ 2004 የሰርቬት እግር ኳስ ክለብ ተጫዋች ፓውሎ ዲዮጎ ከሻፍሃውዘን ጋር በተደረገ ጨዋታ ለጎል የሚሆን ኳስ አቀብሎ ደስታውን ለመግለጽ የደጋፊዎቹ አጥር ላይ ወጣ። ሲወርድ የጋብቻ ቀለበቱ ብረቱ ላይ ቀረ፣ ጣቱም ተቆረጠ። ይባስ ብሎ ዳኛው ደስታህን ከልክ በላይ ገልጸሃል ብሎ ቢጫ ካርድ አሳየው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ግን ጉዳቱን በደንብ ያውቁታል። ቀለበቱ አንድ ነገር ላይ ተሰክቶ ሲቀር የሰውነት ክብደት ወደ ታች መሄዱን አያቆምም። ቆዳው ከነደም ሥሩና ከነነርቩ እንደ ጓንት ይገፈፋል። ደም ሥሩ ከተበጠሰ ደግሞ ጣቱን ለማዳን በጣም ያስቸግራል። ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች መረቡና ብረቱ ድረስ እንደሚዘሉ ያሰበ ሰው ቀለበት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆኑ አይገርመውም።

የጉትቻ አደጋ ሌላ ነው። ቀለበት ያለው ጉትቻ የተጋጣሚ ጣት ወይም ማሊያ ውስጥ ገብቶ የጆሮን ጫፍ ይሰነጥቃል። ትንሿ ሎቲም ብትሆን ከኋላዋ ሹል ዘንግ አላት፤ ክርን ወይም ኳስ ጆሮን ሲመታ ዘንጓ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ቆዳ ትወጋለች። ፕላስተር መለጠፍ ጌጡን ይሸፍነዋል እንጂ ይህን አያስቀርም። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 4 ጌጥ ሁሉ እንዲወልቅ አዝዞ በፕላስተር መሸፈንን በግልጽ የከለከለውም ለዚህ ይመስለኛል። ከባለቤቱ ሌላ ተጋጣሚም አለ፤ የአንዱ አምባር የሌላውን ፊት ሊቧጭር ይችላል። ልጄ የራሷን አደጋ ራሷ ትሸከም የሚል ወላጅ ይህን ግማሽ ይረሳዋል።

ምርኩዝ ዘላይዋ ግን ማንንም አትነካም፣ ማንም አይነካትም። ፌዴሬሽኑ ይህን አምኖ በ2014 የጌጥ ክልከላውን ከአትሌቲክስና ከአገር አቋራጭ ደንቦቹ አነሣ። አደጋው አነስተኛ ነው፤ ዳኞችም የልጆችን አንገት ከሚፈትሹ ውድድሩን ቢመሩ ይሻላል የሚል ነበር ሐሳቡ። ክር ያሠረችው ልጅ ከዚህ ለውጥ በኋላ ብትዘል ኖሮ ዋንጫው አይወሰድባትም ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን መሠረት ደፋር በለንደን ኦሎምፒክ 5000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ የእመቤታችንን ሥዕል ከማሊያዋ ውስጥ ስታወጣ አይተን አልቅሰናል። ማንም ዳኛ ምን ይዘሽ ሮጥሽ አላላትም።

የመበሳት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ ቁስል ስለሆነ። የጆሮ ጫፍ ለመዳን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ የላይኛው የጆሮ ክፍል ግን ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይቆያል። የአሜሪካ የመጸው ስፖርት ነሐሴ ላይ ጀምሮ ኅዳር አካባቢ ያልቃል። ትምህርት ሊጀመር ሲል የተበሳች ልጅ ጌጡን ብታወልቅ ቀዳዳው ይደፈንባታል፣ ባታወልቅ አትጫወትም። ጌጥ በሚከለከልበት ስፖርት ቀዳዳ ለመያዝ የሚደረገው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክም ቢሆን ከጌጥ ይቆጠራል። በእኛ ባህል ጆሮዋን በሕፃንነቷ የተበሳች ልጅ ለሁለት ሰዓት ጉትቻዋን ማውለቅ ምንም አያስቸግራትም። የሚያስቸግረው በ15 እና በ16 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከእናት ተደብቆ የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀዳዳ፣ አፍንጫውና እምብርቱ ነው። መበሳት የግድ ከሆነ የውድድር ዘመኑ ባለቀ ማግስት ይሁን የሚሉ አሰልጣኞች ልክ ናቸው።

መረብ ኳስ እዚህ ላይ ተለሳልሷል። ከ2023–24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከአገጭ በላይ የሚደረግ፣ ትንሽና በደንብ የተጣበቀ ሎቲ ተፈቅዷል። ሁለቱን ቡድኖች መረብ ስለሚለያቸው ከተጋጣሚ ጋር መጋጨቱ ያን ያህል አይደለም። የእምብርት ጌጥ ግን አሁንም አይፈቀድም፤ መሬት ላይ በሆድ ተወርውሮ ኳስ የሚያነሣ ተጫዋች ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ደንቡ ከአደጋ ይልቅ ልማድን ሲጠብቅ የተገኘበት ሌላ ቦታ ፀጉር ነው። በ2021 በሰሜን ካሮላይና ደርሃም ከተማ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የሶፍትቦል ተጫዋች ጨዋታው ተጀምሮ ሳለ ሹሩባዋ ላይ ያሉትን ዶቃዎች ካላወለቀች እንደማትቀጥል ዳኞቹ ነገሯት። ጓደኞቿ ዶቃዎቹን ለማውጣት ሲጣደፉ ፀጉሯም አብሮ ተቆረጠ። በዓመቱ የመረብ ኳስ ደንብ በደንብ የታሰረና አደጋ የሌለውን የፀጉር ጌጥ ፈቀደ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሹሩባ የተሠራ ራስ አስበው ያውቁ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ይህ ጥርጣሬ ወደ እኛ ቤት ያመጣናል። የቅርጫት ኳስና የእግር ኳስ ደንቦቹ ሁለት ነገሮችን ከክልከላው ያወጣሉ። አንደኛው የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የመድኃኒት አለርጂ ያለበት ልጅ የሚያደርገው የሕክምና መለያ ነው፤ በፕላስተር ከሰውነት ጋር ይጣበቃል፣ ጽሑፉ ግን እንዲነበብ ክፍት ይሆናል። ሁለተኛው ሃይማኖታዊ ሜዳልያ ነው፤ እሱም በፕላስተር ተጣብቆ ከማሊያ ሥር ይደረጋል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች የሚጫወቱት የተዋሕዶ ልጆች አንገት ላይ ያለው ግን ማተብ ነው። መስቀል ያለው አለ፣ ባዶ ክር የሆነም አለ። ባዶው ክር ሜዳልያ ነው? አንዱ ዳኛ የሃይማኖት ምልክት ነው ብሎ ያሳልፈዋል፣ ሌላው የአንገት ሐብል ነው ብሎ አውልቅ ይላል። ሁለቱም የደንቡን ቃል ይጠቅሳሉ።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2022 ያወጣው ሕግ ተማሪዎች ለሃይማኖት፣ ለባህል ወይም ለጨዋነት ሲሉ የቡድን ልብሳቸውን ማስተካከል እንዲችሉ ፈቅዷል፤ ኢሊኖይም ከእሱ በፊት በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ሕጎቹ ከሁሉ በላይ የጠቀሙት ሂጃብ የሚለብሱ ልጆችን ነው፤ እነሱ ለዓመታት የፈቃድ ደብዳቤ ይዘው ሜዳ ሲገቡ ኖረዋል። ስለ አንገት ክር ግን ቃል በቃል የሚናገር አንቀጽ አላየሁባቸውም። በእኔ እምነት ማተቡ አጠር ብሎ ከቆዳ ጋር በፕላስተር ከተለጠፈ አደጋው ከብር ሐብል በጣም ያነሰ ነው። ረጅምና ጠንካራ ክር ከሆነ ግን እጅ ሲገባበት አንገት ያንቃል፤ ዳኛው ቢያስወልቀው ሃይማኖት ነካ ማለት አይደለም።

ወላጅ ማወቅ ያለበት ሌላው ነገር ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቼ ደንቡን ጠብቀው ለብሰዋል ብሎ ለዳኞች የሚያረጋግጠው ዋናው አሰልጣኝ ነው፤ በእግር ኳስ ለልጁ ጉትቻ ቢጫ ካርድ የሚያይበት ጊዜም አለ። አሰልጣኙ አውልቅ ብሎ የሚጮኸው ክፋት ይዞት አይደለም። ቅዳሜ በክለብ፣ ማክሰኞ በትምህርት ቤት የሚጫወት ልጅ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት የተለያዩ ደንቦች ይዳኛል፤ በአንዱ ያለፈው ማተብ በሌላው ሊያስቆመው ይችላል። ማተቡን ይዞ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ቤተሰብ ነሐሴ ላይ፣ ልምምድ ሳይጀመር፣ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ ቢያነጋግርና መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል ይሻላል። ወረቀቱም በአሰልጣኙ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ የልጁ ቦርሳ መልበሻ ክፍል ይቀራል።