ሥዕልን ስለ መቅዳት

በጃፓን አገር ሆኩሳይና ሂሮሺጌ የተባሉ ሠዓልያን የሣሉት ተራራና ባሕር በእንጨት ሰሌዳ እየተቀረጸ ይታተም ነበር፤ ለየቀለሙም ልዩ ልዩ ሰሌዳ ይዘጋጅለት ነበር። የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ በ1887 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከሂሮሺጌ ሥዕሎች ሁለቱን በዘይት ቀለም በእጁ ቀዳ።

በአገራችንም ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1591 ዓመት በሮማ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በእንጨት የተቀረጸ ሥዕል ነበረበት። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ይህን እያዩ በብራና ላይ ሣሉ፤ መልኩንና ቀለሙን ግን እንደ አገራቸው ልማድ አደረጉት።

የታተመ ሥዕል ብዙ ነውና አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። በጨርቅ ተሥሎ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተለጠፈው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዝናም ገብቶበት ከጠፋ በኋላ የሚቀዳበት አይገኝም።

ስለዚህ የአምደወርቅና የዋግ መምህራን፥ የደብሩ አለቃና ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ፥ ተማሪውን በሥዕሉ ፊት አቁመው ልኩንና ቀለሙን ጠብቆ እንዲቀዳ ያስተምሩት። ሽማግሌዎችም ትርጓሜውን ይንገሩት። እጁ ይለምዳል፤ ሥዕሉም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቅጅ መኾኑንና የተቀዳበትን ቀን ከግርጌው መጻፍ አይዘንጋ።