የማድ ቤት ግድግዳ

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የጭቃና የብሎኬት ቤቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በሁለቱም ዓይነት ቤት ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ የወጥ ፍንጣሪና ጥቀርሻ ይቀበላል።

ለዚህ ስፍራ ልሙጥ ሴራሚክ ይመረጣል፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ሲወለወል ይጠራልና። ሻካራው ግን ምንም ቢያምር ስቡን ይዞ ያስቀራል። በመገጣጠሚያው የሚሞላውም ሲሚንቶ ነጭ ከሚሆን ግራጫ ቢሆን ይሻላል።

ግድግዳው የጭቃ የሆነ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ሽቦ ተወጥሮበት በሲሚንቶ ሳይለሰን ሴራሚክ አይለጠፍበትም፤ ጭቃው በእርጥበት ሲላላ ይረግፋልና።

ገንዘብ ያጠረው ቤተ ሰብ ግድግዳውን ሁሉ ማልበስ አያስፈልገውም፤ ከምድጃው በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። በተረፈው ገንዘብ የጢስ መውጫ ያሠራበት። ግድግዳ በጨርቅ ይታጠባል፤ የእናት ሳንባ ግን አይታጠብም።