መንገድ የሚኖረው ጠጋኝ ሲኖረው ነው
ከቤር ሼቫ ዳርቻ እስከ ጎንደር ገጠር፦ አስፋልት፣ ጠጠርና የጥገና ጥያቄ

ቤር ሼቫ ውስጥ ካለው ሽኩና ሄ ከተባለው ሰፈር ተነስቶ በ25 ቁጥር መንገድ ወደ ዲሞና የሚጓዝ ሰው ከከተማው እንደወጣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ እየተገነጠሉ ወደ ኮረብታው የሚገቡ የአፈር መንገዶችን ያያል። አብዛኞቹ ስምም ምልክትም የላቸውም። ጫፋቸው ላይ የቆርቆሮ ቤቶችና የበግ በረቶች ይታያሉ። የቤዱዊን መንደሮች ናቸው። በበጋ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ቤት ይገባል። በክረምት ዝናብ ሲጥል ደግሞ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችል ልጆች በጭቃ ተራምደው ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ።

ይህን ኑሮ ከኢትዮጵያ የመጡት የእኛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሳምረው ያውቁታል። በጎንደር ገጠር ያደጉት ብዙዎቹ ገበያ የሄዱት በእግር ነው፤ እህሉን የጫኑት በአህያ፣ በምጥ የተያዘችውን ሴት ያደረሱት በቃሬዛ ነው። የመንገድን ዋጋ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም፤ በልጅነታቸው መንገድ ያጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከቤር ሼቫ ሆኖ ስለ ገጠር መንገድ መጻፍ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም።

ነገሩ ሲነሳ ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ «አስፋልት ይሻላል ወይስ ጠጠር?» የሚል ነው። ከምርጫ በፊት የሚገባው ቃልም፣ ሪባን የሚቆረጥበትም ብዙውን ጊዜ አስፋልት ነው። የገጠር ሰውን ኑሮ የሚለውጠው ግን ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ነው። አስፋልትም ሆነ ጠጠር ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው ደግሞ በስሙ የሚጠየቅ፣ በጀትና መሣሪያ ያለው ጠጋኝ ሲኖረው ብቻ ነው።

ሁለት አፈር፣ አንድ ጠላት

የመንገድ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። የውሃው ጉዳት የሚወሰነው ግን በአፈሩ ነው።

በጎንደርና በጎጃም ሜዳማ ቦታዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ማለትም ዋልካው፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዝናቡ በዓመት ከአንድ ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ በሚደርስበት አገር ዋልካ ላይ የተጣለ ቀጭን ጠጠር በክረምቱ ጎማ እየተጫነው ወደ ታች ይሰምጣል። የመንገድ መሐንዲሶች ዋልካውን ቆፍረው አውጥተው በገረጋንቲ የሚተኩት ለዚህ ነው። ይህ ሥራ ከተዘለለ ከላይ የሚለብሰው ጠጠርም ሆነ አስፋልት ብዙ አይቆይም።

ቤር ሼቫ ባለችበት በነገቭ በረሃ ያለው አፈር ሌላ ነው። የቤር ሼቫ አካባቢ በነፋስ ተጓጉዞ በመጣ ሎስ በሚባል ደቃቅ አፈር የተሸፈነ ነው። ዝናቡ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ጠብታው የአፈሩን ገጽ መትቶ ስለሚደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ በላይ ይሮጣል። ደረቅ ሆኖ የከረመው ዋዲ፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃው፣ በጥቂት ሰዓት ጎርፍ የሚሞላው ከዚህ የተነሳ ነው። ድልድይ ወይም ቱቦ በሌለበት መሻገሪያ አንድ ቀን የዘነበ ዝናብ መንደሩን ከአስፋልቱ ይቆርጠዋል። በረሃ ስለሆነ የመንገድ ችግር የለበትም ብሎ የሚያስብ ሰው የነገቭን ክረምት አላየውም።

ጠጠር መንገድ የሚፈልገው

ጠጠር መንገድ ርካሽ የሚባለው ሲሠራ ነው። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን በየዓመቱ የሚበላ ነገር ይፈልጋል። መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ሜትር ስፋት ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ማዘንበል አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው መሐሉ ላይ ይተኛል። ቦዩ መጠረግ፣ ቱቦው ከደለል መጽዳት አለበት። በደረቁ ወቅት ጎማ ጠጠሩን እየገፋ ተከታታይ ጉብታዎችን ይሠራል፤ ሾፌሮች ኮረኮንች የሚሉት፣ አጥንት የሚያንቀጠቅጠው ነገር ይህ ነው። ግሬደር በየጊዜው ካልላገው መኪናው በመንገዱ ዳር ሌላ መንገድ ያወጣል፣ የገበሬው ማሳ ይቆረሳል።

ጠጠሩ ራሱም ያልቃል። እንደ ተመላላሽ መኪናው ብዛት፣ እንደ ዝናቡና እንደ ቁልቁለቱ በዓመት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊጠፋ ይችላል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር እንደ አዲስ ካልለበሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሥሩ ያለው አፈር ይወጣል። በየበጋው ወደ አየር የሚነሳው አቧራም ከመንገዱ የተነጠለ ነው፤ በሰብሉ ላይ፣ በልብሱ ላይ፣ በልጆች ሳንባ ውስጥ የሚያርፈው ያ መንገድ ነው።

ለዚህ ነው አስፋልት መቼ ይጠቅማል የሚለው ስሌት የተለወጠው። ድሮ በቀን ከ200 እስከ 400 መኪና የማያልፍበት መንገድ አስፋልት አያስፈልገውም ይባል ነበር። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የተገኘ ልምድ ግን ጠጠር ከሩቅ በሚመጣበትና ዝናብ በሚበረታበት ቦታ ከ100 ባነሰ መኪናም ቀጭን ንጣፍ ሊያዋጣ እንደሚችል አሳየ። የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ይህን በ2003 በመመሪያ አወጣው፤ የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣንም በ2011 ተሽከርካሪ ለማይበዛባቸው መንገዶች የራሱን የንድፍ መመሪያ አዘጋጀ። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምርጫው በክብር ሳይሆን በአፈር፣ በዝናብና በጥገና ወጪ ይለካ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ትምህርት

ኢትዮጵያ በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራሟን ስትጀምር በአገሩ ሁሉ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2015 ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። የዚህ ዕድገት ትልቁ ክፍል የጠጠር መንገድ ነው፤ በተለይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የሠራው። ፕሮግራሙ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቅዶ ነበር። ሥራው ለወረዳዎች ተሰጠ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣት ምሩቃን ተቋራጮች ሆኑ።

ጥቅሙ በጥናት ታይቷል። ስቴፋን ዴርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና በ2009 ባሳተሙት ጥናት በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች የሚኖሩ ቤተሰቦችን ተከታትለው ነበር። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ ቀንሷል፤ የፍጆታ ዕድገትንም በ16.3 በመቶ ጨምሯል። ልብ በሉ፤ መለኪያው አስፋልት አልነበረም። መለኪያው መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ማስኬዱ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያውን በሰዓቱ ሲያገኝ፣ እህሉን ዋጋ ባለበት ቀን ሲሸጥ፣ አምቡላንስ ቀበሌ ድረስ ስትገባ ያ ቁጥር ሥጋ ይለብሳል።

ችግሩ የመጣው ከሪባኑ በኋላ ነው። መንገዱ የወረዳው ነው ተባለ፤ ብዙ ወረዳ ግን ግሬደር የለውም፣ ደመወዝ ከፍሎ የሚተርፈው የጥገና ገንዘብም ጥቂት ነው። በ1997 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ለጥገና የሚሰበስበው ገንዘብ አብዛኛው ወደ ፌዴራል መንገዶች ይሄዳል። ድልድይ ሳይሠራለት የቀረ መንገድ ደግሞ ወንዙ ዳር ያበቃል፤ ወንዙ ሲሞላ ወላድ እንደገና በቃሬዛ ትሄዳለች። የቀበሌው ሕዝብ በየበጋው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ ጉድጓድ ይሞላል። ያ ጉልበት ክቡር ነው፤ ግን የታጠበ ቱቦን አይተካም፣ ያለቀ ጠጠርን ከካባ አምጥቶ አያለብስም።

ባለቤት የሌለው መንገድ

ወደ ነገቭ ስንመለስ የምናገኘው የዚያው ችግር የመጨረሻ ጫፍ ነው። በእስራኤል ከከተማ ከተማ የሚያገናኙትን ዋና መንገዶች የሚሠራውና የሚጠግነው ነቲቬይ እስራኤል የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ነው፤ የመንደር ውስጥ መንገድ የአካባቢው ምክር ቤት ኃላፊነት ነው። በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ ብዙ የቤዱዊን መንደሮችን ከፕላን ውጭ ስላደረገ ግን ዛሬም 35 ያህል መንደሮች ዕውቅና የላቸውም። ፕላን የሌለው መንደር መንገዱም በካርታ የለም፤ በካርታ የሌለ መንገድ በጀት አይያዝለትም።

መንግሥት መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ግንባታውም ያለ ፈቃድ ነው ይላል። ነዋሪዎቹ ከመንግሥት ምሥረታ በፊት የኖርንበት መሬት ነው ይላሉ። ይህ የመሬት ክርክር ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቷል። በመካከሉ በጭቃው የሚራመዱት ልጆች ናቸው። የታመመ ሰው በቤር ሼቫ ወዳለው ሶሮካ ሆስፒታል ለመድረስ አምቡላንስ ቆማ ወደምትጠብቅበት አስፋልት በቤተሰብ መኪና መውጣት ይኖርበታል።

ዕውቅና ማግኘትም ብቻውን መንገድ አላመጣም። በ2003 አዲስ ዕውቅና ላገኙ መንደሮች አቡ ባስማ የሚባል የክልል ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ2012 ነዌ ሚድባርና አል ካሱም ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ከቤር ሼቫ አፍንጫ ሥር ያለው ኡም ባጢንን የመሰሉ መንደሮች ዕውቅና ካገኙ በኋላም ዓመታትን በአፈር መንገድ አሳልፈዋል፤ ዝርዝር ፕላኑና የመሬት ይዞታው እስኪፈታ ግንባታው ይቆማልና። በ2021 ኻሸም ዛና፣ ረኽማና ዓብዳ የተባሉ መንደሮች ዕውቅና እንዲያገኙ መንግሥት ሲወስንም የነዋሪው ቀጣይ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ውሳኔው መቼ ወደ መሬት ይወርዳል?

እዚህ ላይ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። የመሬቱ ክርክር እስኪያልቅ ድረስ መንገዱን በጠጠር ማልበስ፣ የዋዲውን መሻገሪያ በቱቦ ማበጀት፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግሬደር መላክ ይቻላል። ይህ ማንንም የመሬት ባለቤት አያደርግም። የስምንት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርስበት መንገድ የፍርድ ቤት ውሳኔ መጠበቅ የለበትም።

አስፋልትም ያረጃል

አስፋልት ከገባ ጥገናው ያበቃል የሚል ሰው አሜሪካን ይመልከት። በ2016 የታተመ የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ምርምር ሪፖርት በ27 ግዛቶች የሚገኙ አካባቢዎች 885 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት መልሰው ወደ ጠጠር መቀየራቸውን መዝግቧል። ሀብታም አገር የገጠር አስፋልቱን የሚጠግንበት ገንዘብ ካጠረው፣ ሬንጁን ከውጭ በምንዛሪ የምታስገባ አገር ሁለት እጥፍ ማሰብ አለባት። የተቦረቦረ አስፋልት ከተላገ ጠጠር የከፋ ነው፤ ጠጠሩን ግሬደር ያስተካክለዋል፣ አስፋልቱ ግን መሰበር፣ መቆረጥና እንደገና መንጠፍ ይፈልጋል።

ደግሞ አስፋልት ፍጥነት ይዞ ይመጣል። ሰውና ከብት በአንድ መንገድ በሚሄዱበት መንደር የእግረኛ ዳር፣ የፍጥነት መገደቢያና ምልክት አብረው ካልመጡ አቧራው የቀረለት መንገድ ሕይወት የሚወስድ መንገድ ይሆናል።

እንግዲህ ከእስራኤልም ሆነ ከሌላ አገር ሆኖ ለትውልድ መንደሩ መንገድ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው፣ ወይም በነገቭ ለጎረቤቱ የሚከራከር ሰው፣ ከአስፋልቱ በፊት ሌላ ነገር ይጠይቅ። ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው? ጠጠሩ ሲያልቅ ከየትኛው ካባ፣ በማን ገንዘብ ይመጣል? ግሬደሩ የሚደርሰው በየስንት ጊዜው ነው? በኢትዮጵያ የመንገድ ፕሮጀክት ዳር በሚተከለው ሰሌዳ ላይ ባለቤት፣ አማካሪና ተቋራጭ ይጻፋሉ። አራተኛ መስመር ይጨመርበት፤ የጥገናው ኃላፊና ዓመታዊ በጀቱ። ያ መስመር ባዶ የሆነበት መንገድ ገና አልተጠናቀቀምና፣ ሪባኑም አይቆረጥ።