ከአጥሚት ወደ ቤተሰቡ ማዕድ፦ ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት በቤት የሚዘጋጁ ምግቦች

በርካታ ወላጆች ልጃቸው ስድስት ወር ሲሞላው ምን ማቅመስ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ፤ ይጨነቃሉም። ልጁ ዓመት ሞልቶት ቆሞ መሄድ ሲጀምር ግን ጥያቄው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ወይ በቀጭኑ አጥሚት ይቀጥላል፣ ወይ ደግሞ ከታላላቆቹ ጋር አንድ ትሪ ከብቦ እጁ የደረሰበትን ያህል ይበላል። ሁለቱም መንገዶች ሕፃኑን ያስርቡታል፤ ምግብ በሞላበት ቤት ውስጥ ጭምር።

በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አነስተኛው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ 37 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የቀነጨሩ ናቸው። ይህም ማለት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች ነው። መቀንጨር በአብዛኛው ሥር የሚሰድደው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ማካካስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ ሲያደርግ ትኩረቱን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያደረገውም ለዚህ ነው። ችግሩ ዝናብ በሚያጥርባቸው አካባቢዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጤፍና በቆሎ ተርፎ ለገበያ በሚወጣባቸው ወረዳዎችም ይታያል። ጎተራው መሙላቱ ብቻ የሕፃኑን ሳህን አይሞላም።

ለምን ቢባል፣ የመጀመሪያው ምክንያት የሕፃኑ ሆድ ትንሽነት ነው። አንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ምግብ በኪሎ ግራም ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 300 ሚሊ ሊትር፣ በቤታችን መለኪያ አራት የቡና ሲኒ ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ይህ ጠባብ ቦታ በቀጭን አጥሚት ከተሞላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ሰውነቱ ግን የሚገነባበትን አላገኘም። ስለዚህ ዓመት የሞላው ሕፃን በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ወፈር ያለ ምግብ፣ በመካከሉም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክሰስ ያስፈልገዋል። የእናት ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ በሁለተኛው ዓመት ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶ ያህሉን የሚያገኘው አሁንም ከጡት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስብጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናትን ምግብ በስምንት ምድቦች ይከፍላል፦ የእናት ጡት ወተት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ እንዲሁም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች። ሕፃኑ በቀን ቢያንስ ከአምስቱ እንዲያገኝ ይመከራል። ቁጥሩ ሲሰማ የባለጸጋ ማዕድ ይመስላል፤ ሲቆጠር ግን ቅርብ ነው። ጡት የሚጠባና እንጀራ በሽሮ የበላ ልጅ ሦስት አገኘ። በዚያው ቀን አንድ እንቁላልና ጥቂት የተቀቀለ ካሮት ቢጨመርለት አምስት ሞላ።

ምግቡ ከቤተሰቡ ወጥ ሊጀምር ይችላል፤ ለሕፃኑ ሁልጊዜ የተለየ ነገር መሥራት ግድ አይደለም። ሽንኩርቱ በዘይት በስሎ በርበሬው ከመጨመሩ በፊት አንድ ጭልፋ ያህሉን ወደ ትንሽ ድስት መገልበጥ በቂ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ነጭ ሽሮ ወይም አስቀድሞ የተቀቀለ ምስር ክክ፣ ደቆ የተከተፈ የአበሻ ጎመን ወይም የተፈቀፈቀ ካሮት ጨምሮ ማብሰል፤ ሲወርድም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ማድረግ ነው። እንጀራው በደንብ ርሶ ይፈተፈታል። ፍትፍቱ በጣት ሲያዝ ቅርጹን የሚይዝ እንጂ በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፍ መሆን የለበትም። በርበሬው ቀስ በቀስ ከዓመታት ጋር ይመጣል፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ገንፎም ቢሆን የሕፃን ምግብነቱ አላበቃም፤ የሚቀየረው ይዘቱ ነው። ከሦስት እጅ እህል፣ ለምሳሌ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ጋር አንድ እጅ ጥራጥሬ ይቀላቀላል። ባቄላው ወይም ሽምብራው አድሮ ከተዘፈዘፈ በኋላ ደርቆ ይቆላል፣ ይከካል፣ ከእህሉ ጋር ይፈጫል። ገንፎው ሲንተከተክ አንድ የተመታ እንቁላል እየተማሰለ ይጨመራል፤ እንቁላሉ ፈጽሞ እስኪበስል ጥቂት ደቂቃ በእሳቱ ላይ ይቆያል። በውኃ ፈንታ ወተት መጠቀም ከተቻለ ደግሞ የተሻለ ነው። ገንፎው ወፍሮ ልጁ መዋጥ ካስቸገረው ውኃ ከመጨመር ይልቅ የገጠር እናቶች በሚገባ የሚያውቁት ብቅል ይረዳል። ከእሳት ወርዶ ለብ ባለው ገንፎ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የገብስ ብቅል ዱቄት ሲማሰል ገንፎው ራሱን ያላላል፤ ከዚያ እንደገና ማፍላት ይገባል። በዚህ መንገድ የዱቄቱ መጠን ሳይቀነስ ምግቡ ይለሰልሳል። ብቅል ለጠላ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። በብዙ የገጠር ቤቶች ዶሮ አለ፤ እንቁላሉ ግን ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ጨው፣ ዘይት፣ የደብተር መግዣ ከዚያ ይገኛል፤ ይህን ችግር ከሩቅ ሆኖ መውቀስ አይገባም። ሆኖም በእንቁላሉ ገንዘብ ለልጁ ብስኩትና ከረሜላ ተገዝቶ የሚመለስበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ይህኛው ልውውጥ ኪሳራ ነው። ከአሥር እንቁላል ሦስቱ ወይም አራቱ ለሕፃኑ ቢቀሩ የሳምንቱን ግማሽ ይሸፍናሉ። አዘገጃጀቱም ቀላል ነው፦ ድንችና ዱባ ወይም ካሮት በአንድ ድስት ይቀቀላሉ፤ እንቁላሉ ታጥቦ ለብቻው ይቀቀላል። ከዚያ ሁሉም ተልጦ በሹካ አብሮ ይደቅቃል፤ ትንሽ ቅቤ ይጨመርበታል። አስኳሉ ከነነጩ ይበላል።

የሕፃን ሆድ ሥጋ አይችልም የሚለውም ልማድ መታረም ያለበት ነው። ሆዱ የማይችለው ጥሬውንና ጠጣሩን እንጂ በደንብ የበሰለውንና የደቀቀውን አይደለም። ዶሮ ወይም በግ ሲታረድ ከጉበቱ ጥቂት በሚገባ አብስሎ፣ አድቅቆ በፍትፍቱ ላይ ማድረግ ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ይሰጠዋል። ሳይቀመም የደረቀ ቋንጣ ተወቅጦ በዱቄት መልክ ቢቀመጥ ደግሞ አንድ ማንኪያው ለአንድ ገንፎ ይበቃል። በጣና ዙሪያ ያሉ ቤተሰቦች ቆሮሶ በቅርባቸው አለላቸው፤ ተቀቅሎ፣ አጥንቱ በእጅ እየተዳሰሰ በጥንቃቄ ወጥቶ ከድንች ጋር ይደባለቃል።

በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤቶች ግን ሌላ እንቅፋት አለ፤ ጾም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የሁለት ዓመት ሕፃን እንዲጾም አታዝም፤ ይህን የማያውቅ ወላጅም የለም ማለት ይቻላል። ልጁን የሚያስጾመው ትእዛዙ ሳይሆን ዕቃው ነው። እናት የጾሙ ድስት ከፍስክ እንዳይነካካ ትሰጋለች፤ እንቁላሉና ወተቱም ሳይሠሩ ይቀራሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ለትልቅ ሰው አልፎ የሚሄድ ወቅት ቢሆንም፣ ለአንድ የ18 ወር ሕፃን ከኖረበት ዕድሜ አንድ አሥረኛው ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ነቢያቱና ፍልሰታው ሲታከልበት ደግሞ ይረዝማል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ። ዕቃው ለብቻው ይታጠባል፣ ለብቻው ይሰቀላል፤ የእናቲቱም ጾም ሳይነካ የልጁም እንቁላል ሳይቀር ሁለቱም ይሆናል።

የመክሰሱ ጉዳይ ብዙ አያስጨንቅም። የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በወቅቱ ማንጎ፣ ከፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ፣ ቂጣ በቅቤ ተፈርፍሮ፣ ሁሉም ይሆናሉ። በከተማም በገጠርም ሥር የሰደደው የዳቦ በሻይ ቁርስ ግን ለሕፃን አይመከርም። በሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሰውነት ከእህሉና ከጥራጥሬው ብረት እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ቡናም እንዲሁ። ጤፍ ብረት አለው፣ ሽሮም አለው፤ ልጁ ግን በሻይ ካወራረደው ከፊሉን እንዳልበላ ይቆጠራል። በአንጻሩ ቲማቲም ወይም ጥቂት ሎሚ የብረቱን መወሰድ ያግዛል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። ቆሎ፣ ያልተፈጨ ለውዝና ጠንከር ያለ ንፍሮ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል ለታዳጊ ሕፃናት አይሰጥም፤ ቆሎ በሚቆላበት ቤት ደግሞ ሕፃኑ ከመሬት የሚለቅመውንም ማየት ያስፈልጋል። ወተት ሳይፈላ አይሰጥም። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ ክልክል ነው። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ታጥቦም ተቆልቶም ደኅና ስለማይሆን ከሕፃኑ ዱቄት ውስጥ መግባት የለበትም። ጨው ጥቂት ብቻ፣ እርሱም አዮዲን ያለው ሆኖ መጨረሻ ላይ ቢጨመር ይመረጣል። የበሰለ ምግብ በሞቃታማ አካባቢ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ለሕፃን አይቀርብም።

የራሱ ሳህን የሚያስፈልገው ለጾሙ ብቻ አይደለም። በአንድ ትሪ አብሮ መብላት መልካም ባህል ነው፤ ይሁን እንጂ የ18 ወር ልጅ እጅ ከሰባት ዓመት ታላቁ እጅ ጋር አይወዳደርም። ሳህኑ ከተለየ ምን ያህል እንደበላና ምን ያህል እንደተረፈ ይታወቃል። አንድን ምግብ አልወድም ብሎ ቢተፋ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ በትንሹ መልሶ ማቅረብ ነው። ብዙ ልጆች አዲስ ጣዕም የሚለምዱት ስምንትና አሥር ጊዜ ከቀመሱ በኋላ ነው። አፉን ይዞ ማስገደድ ግን ልጁ ምግብን እንዲጠላ ያደርጋል። አባት አጠገቡ ተቀምጦ ቢያጎርሰው፣ እናት ሥራ በበዛባት ሰዓት ልጁ የሚያገኘው ጉርሻ ይጨምራል።

ልጁ በተቅማጥ ወይም በትኩሳት ታሞ ሲያገግም ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል፤ በሕመሙ ጊዜ የቀነሰውን የሚመልሰው እንዲህ ነው። ከስድስት ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮም የሆድ ትል መድኃኒቱን መከታተል ይገባል። ክብደቱ ከወር ወር ካልጨመረ፣ እግሮቹ ካበጡ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሲለካ የክንዱ ዙሪያ ከ12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉዳዩ በቤት ምግብ ብቻ የሚታለፍ ስላልሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።