ሲጋራ ለማቆም መድኃኒት ሲመረጥ ቡናም ይቆጠር

ሲጋራ ለማቆም ከሚረዱት መድኃኒቶች የትኛው ይበልጣል? እ.ኤ.አ. በ2023 ከ300 በላይ ጥናቶችን የመረመሩት፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ባለሙያዎች መልስ አላቸው። ያለ መድኃኒት ከሚሞክሩ 100 ሰዎች ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሚዘልቁት 6 ያህል ናቸው፤ በቫረኒክሊን ወይም በሳይቲሲን 14፣ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አንድ ላይ ሲወሰዱ 12፣ ፕላስተር ብቻውን ወይም ቡፕሮፒዮን 9 ገደማ። ይህን ደረጃ እንዳለ ወስዶ ለያዮ ሰው መስጠት ግን አያዋጣም ባይ ነኝ። ምክንያቱ ቡና ነው።

ያዮ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የጫካ ቡና አገር ነው። የኒኮቲን ማስቲካ ደግሞ ከቡና ጋር አይስማማም። እንደ ተራ ማስቲካ ዝም ብሎ አይታኘክም፤ እንደ በርበሬ መለብለብ ሲጀምር በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፣ ኒኮቲኑም በአፍ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ይሰርጋል። ቡና አፍን አሲዳማ ስለሚያደርግ ይህን ስርገት ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ማስቲካው አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ቡና አይጠጣም። ከአቦል እስከ በረካ በሚቆይ ጨዋታ መሐል፣ የሲጋራ አምሮት በሚያይልበት ሰዓት፣ ማስቲካው ከንቱ ነው ማለት ነው። ፕላስተሩን ግን ቡና አይነካውም።

ሌላም አለ። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም የለመዱት ሦስት ስኒ በደም ውስጥ የሚተወው ካፌይን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ጥፋቱ ግን የስኒው ሊሆን ይችላል። ቡፕሮፒዮን ደግሞ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። የሚጥል በሽታ ላለበት አይታዘዝም፤ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም ኃይሉን ይቀንሰዋል።

«ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ሳንባና ልብን የሚጎዳው በዋናነት ጭሱ ነው፤ ፕላስተሩ ጭስ የለውም፣ መጠኑም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ቫረኒክሊን አእምሮ ያውካል የሚለውን ስጋት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ8,000 በላይ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት አልደገፈውም፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ጥብቅ ማስጠንቀቂያውን አንስቷል።

ስለዚህ ለቡና ወዳድ አጫሽ ቫረኒክሊን ከተገኘ እሱ ይቀድማል፤ ካልተገኘ ፕላስተሩ መሠረት ይሁን፣ ማስቲካው ከቡና ሰዓት ውጭ ይታከልበት። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በቀን ስንት ሲጋራ እንደምታጨሱ ብቻ ሳይሆን ስንት ስኒ እንደምትጠጡም ንገሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ቡናውን በግማሽ ቀንሱ።